በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ወደ ሥነ ጥበቡ ሥራ መግባት፦ ከመክፈቻው ሳይሆን ከሰቀላው ቀን ጀምሩ

የመጀመሪያ ቀኔ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ጥቁር ቀሚስ፣ የተተኮሰ ፀጉር፣ ቦርሳዬ ውስጥ አሥር ኮፒ ሲቪ። የዐውደ ርዕዩ መክፈቻ ግን ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የጠበቀኝ መሰላል፣ ካርቶንና የድሪል ጩኸት ነው። ሥዕል የሚሰቅሉት ሰውዬ፣ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ሠርግ ነው የተጠራሽው?» አሉኝ። ከዚያ የሜትሩን ጫፍ አስያዙኝ።

ሲቪዎቹን ለማን እንደሰጠኋቸው ዛሬ አላስታውስም። ከወሰዱት ሰዎች አንድም አልደወለም። የደወሉልኝ ከአራት ወር በኋላ እኚያው ጋሼ ናቸው። «ሌላ ቦታ ሰቀላ አለ። ሜትር የምትይዝ ልጅ ይፈልጋሉ። በዚህኛው ይከፈላል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐውደ ርዕይ ላይ ሠርቻለሁ፤ በጎ ፈቃደኞችንም መልምያለሁ። ሁሌም አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ። ለመክፈቻው ምሽት ሠላሳ ሰው ይመዘገባል። ሥዕል ለሚሰቀልበት ቀን አራት። ለሚወርድበት ሌሊት ደግሞ አንድ፣ እሱም ከመጣ። ሥራ የሚገኘው ግን እነዚያ አራቱና አንዱ ጋ ነው።

1. የምትሄዱበትን ቦታ ለዩ

ዐውደ ርዕይና አርት ፌር አንድ አይደሉም። ዐውደ ርዕይ የአንድ ሰዓሊ ወይም የአንድ ሐሳብ ነው፤ ለሳምንታት ይቆያል። አርት ፌር ገበያ ነው። ብዙ ጋለሪዎች ወይም ብዙ ሰዓሊዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ቡዝ፣ ማለትም የየራሳቸውን ትንሽ መሸጫ ቦታ፣ ይዘው ለጥቂት ቀናት ይሸጣሉ። ለበጎ ፈቃደኛ ፌሩ ይሻላል፤ በአራት ቀን ውስጥ በዓመት የማታገኟቸውን ሰዎች ስለምታገኙ። ችግሩ ሁሉም ሰው እየሮጠ ስለሆነ ማንም ቆሞ አያስተምራችሁም። ስለዚህ ከትንሽ ጋለሪ ጀምራችሁ ወደ ፌር ብትሄዱ እመርጣለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ካላችሁ፣ ብዙ ሰዓሊዎችን በአንድ ጊዜ የሚያሰባስበው በሸራተን አዲስ ሲዘጋጅ የቆየው «አርት ኦፍ ኢትዮጵያ» አለ። በፎቶግራፍ በኩል አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት በየሁለት ዓመቱ ሲካሄድ ብዙ ወጣት አለማምዷል። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ዐውደ ርዕይ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም፣ የውጭ አገር የባህል ተቋማት፣ እነዚህ ሁሉ እጅ የሚፈልጉበት ጊዜ አለ። የተመራቂዎቹን ዐውደ ርዕይ አትናቁ። ዛሬ ፍሬም የምትይዙላት ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ስሟን የምትሰሙት ሰዓሊ ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ ያገዛትን ሰው አትረሳም።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ ቅርባችሁ ያለው 1-54 የተባለው የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ፌር ነው። ስሙ ከአንድ አህጉርና ከ54 አገሮች የመጣ ነው። ቱሪያ ኤል ግላዊ የምትባል ሞሮኳዊት እ.ኤ.አ. በ2013 ሰመርሴት ሃውስ ውስጥ ጀመረችው። በ2015 ኒው ዮርክ፣ በ2018 ማራኬሽ ተጨመሩ። የለንደኑ በየጥቅምቱ ነው። ከአፍሪካ የሚመጡ ጋለሪዎች ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ነው ይዘው የሚመጡት። ያ ሰው ቡዙን ትቶ ሽንት ቤት እንኳ መሄድ አይችልም። አሁን የት ቦታ እንደምትጠቅሙ ገባችሁ።

ዱባይም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አርት ዱባይ አለላት። ግን በኤምሬትስ በጎ ፈቃደኝነትም ቢሆን በሕግ የሚመራ ነገር ነው፤ በተፈቀደ መንገድ ካልሆነ አትግቡበት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ትርፍ ፈላጊ ድርጅት ሰውን በበጎ ፈቃደኛ ስም በነፃ ማሠራት አይችልም። እዚያ የሚያዋጣው ለትርፍ ያልተቋቋመ የጥበብ ማዕከል ወይም ሙዚየም ነው። የትም ብትሆኑ የያዛችሁት ቪዛ ምን እንደሚፈቅድ ከማመልከታችሁ በፊት አረጋግጡ። ለአራት ቀን ነፃ ጉልበት ብላችሁ ወረቀታችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ።

2. መልእክቱን አጭር አድርጋችሁ ጻፉ

ስለ ሥነ ጥበብ ያላችሁን ፍቅር በሦስት አንቀጽ የሚገልጽ ደብዳቤ ማንም አያነበውም። እኔም አላነበውም። አዘጋጁ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ መቼ ትመጣላችሁ፣ ምን ትችላላችሁ፣ ትቀራላችሁ ወይስ አትቀሩም። ከዐውደ ርዕዩ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት በፊት እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በዐውደ ርዕያችሁ ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል እፈልጋለሁ። ሥዕል በሚሰቀልባቸው ቀናትና በሚወርድበት ምሽት ሙሉ ጊዜ አለኝ። በሜትርና በውሃ ልክ መሥራት እችላለሁ። አማርኛና እንግሊዝኛ እናገራለሁ። ዕቃ ማንሣት አይከብደኝም።»

ከሥር ስምና ስልክ። በቃ። «ዕቃ ማንሣት አይከብደኝም» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ከዲግሪያችሁ በላይ ትሠራለች። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ደውሉ። ሁለተኛ ግን አትደውሉ። በአካል ሂዱ፤ አዲስ አበባ ላይ በአካል የሄደ ሰው ሁሌም ኢሜይል ከላከው ይቀድማል።

ውሃ ልክ ተጠቅማችሁ የማታውቁ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ተለማመዱ። ሠፈራችሁ ያለ አናጺ በአሥር ደቂቃ ያሳያችኋል።

3. ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ

ይህን የምጽፈው ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው ዐውደ ርዕይ ላይ፣ ለአምስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠራሁ። ምሳ አለ ተብሎ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ብቻ መጣ። ትራንስፖርት ተብሎ ነበር፤ አልመጣም። የምስክር ወረቀት ተብሎ ነበር፤ እስከ ዛሬ «በፊርማ ላይ ነው»። ጥፋቱ የእኔም ነው። ሁሉንም የሰማሁት በአፍ ነው፣ ያውም ቡና ላይ።

ስለዚህ አራት ጥያቄ ጠይቁና መልሱን በቴሌግራም ጽፈው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ስንት ሰዓት ነው የምሠራው? ምሳና ትራንስፖርት አለ? ተጠሪዬ ማን ነው? ሲያልቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማን ይፈርምልኛል? ማፈር አያስፈልግም። ነፃ ማለት ያለ ውል ማለት አይደለም። በእነዚህ ጥያቄዎች የሚከፋ አዘጋጅ ካጋጠማችሁ ገና ሳይጀመር አውቃችሁታል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ ሌላ ፈልጉ።

4. ፈረቃ ስትመርጡ

የሰቀላ ቀናትን ውሰዱ። የማውረጃውን ምሽት ውሰዱ። ከመሐል አንድ ጸጥ ያለ ቀን ጨምሩ፣ ቢቻል ከሰዓት በፊት። ያኔ የጋለሪው ሰው ሰልችቶት ይቀመጣል፤ ስትጠይቁት ያወራችኋል። የመክፈቻው ምሽት ላይ ግን ባጅ ማደልና ካፖርት መቀበል ነው የሚደርሳችሁ፤ የምታውቁት ሰው ሁሉ ወይን ይዞ ሲያልፍ ታያላችሁ። ለጓደኞቻችሁ ተዉላቸው።

5. የሰቀላው ቀን

ዋናው እዚህ ነው። ሸራ ጫማ፣ ሱሪ፣ ኪስ ያለው ልብስ። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት፣ ረጅም ሐብል አውልቃችሁ ሂዱ፤ የቀበቶ ዘለበትም ሥዕል ይጭራል። ቦርሳችሁ ውስጥ የራሳችሁ ሜትር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ፕላስተር፣ መቀስና ቀጭን የላስቲክ ጓንት ይኑር። የጨርቅ ጓንት ያንሸራትታል፤ እኔ አልወደውም። እስክሪብቶ ሥዕል አጠገብ አታምጡ። እርሳስ ይጠፋል፤ እስክሪብቶ አይጠፋም።

ሥዕል ስትይዙ ሁለት እጅ፣ አንዱ ከሥር አንዱ ከጎን። የፍሬሙን የላይኛውን ጠርዝ ይዛችሁ አታንጠልጥሉ፤ ማያያዣው ሊከፈት ይችላል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሥዕል፣ ትንሽ ቢሆንም። ከማንሣታችሁ በፊት የምታስቀምጡበትን ቦታ አዘጋጁ። ሥዕል ይዞ «የት ላስቀምጠው?» እያለ የሚዞር በጎ ፈቃደኛ ጋሼን የሚያስጮኽ ብቸኛው ነገር ነው።

ሸራውን ከፊትም ከጀርባም በጣት አትንኩ። ከፊት የሆነው ግልጽ ነው። ከጀርባ ግን ብዙ ሰው አያውቅም፦ በጣት ወይም በፍሬሙ ጠርዝ የተገፋ ሸራ ዛሬ ምንም አይታይበትም፤ ቀለሙ ግን ከዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ክብ እየሠራ ይሰነጠቃል። የኛ ሰዓሊዎች ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ነው የሚሠሩት። የዘይት ቀለም ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ለወራት ለስላሳ ሊሆን ይችላል። የሚሸት ሥዕል ካያችሁ ለሚሰቅለው ሰው ንገሩ።

ግድግዳ ላይ ስታስደግፉ ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ አድርጉ፤ የአንዱ መንጠቆ የሌላውን ፊት እንዳይወጋ። ከሥር ካርቶን ወይም ስፖንጅ ይኑር።

አሁን ቁመቱ። በአብዛኛው የሥዕሉ መሐል ከወለል ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲሆን ይደረጋል፤ የሰው ዓይን የሚያርፍበት ስለሆነ። ሚስማሩ የት ይመታ? 150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ጨምሩ። ከዚያ ከሥዕሉ ጀርባ ያለው መስቀያ ሽቦ ወደ ላይ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ ስንት እንደሚወርድ ለክታችሁ ቀንሱ። ሥዕሉ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሽቦው 10 ቢወርድ፦ 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 10፣ ሚስማሩ 180 ላይ ነው። ይህን ሒሳብ በቃላችሁ ያዙ። ጋሼ ገና ሜትሩን ሲዘረጉ «180» ያልኳቸው ቀን ዞር ብለው አዩኝና ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ግን «ስንት ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

ሥዕል ከሳጥን ሲወጣ ስልካችሁን አውጥታችሁ አራቱንም ጥግ ፎቶ አንሡ። ጭረት ካለ ያኔውኑ ለተጠሪያችሁ አሳዩ። ይህን ማንም ላያዛችሁ ይችላል። ግን በአራተኛው ቀን «ይህ ጭረት እዚህ ነው የመጣው» የሚል ጠብ ሲነሣ፣ ፎቶ ያላት ልጅ ናት የምትፈለገው። ፎቶዎቹን ሶሻል ሚዲያ ላይ ግን እንዳትለጥፉ፣ ሳትጠይቁ።

6. ቡዝ ላይ ስትቆሙ

የሚሸጠው ጋለሪው ነው፤ እናንተ አይደላችሁም። የእናንተ ሥራ ሰላም ማለት፣ የሰዓሊውን ስም በትክክል መጥራት፣ ገዢ የሚመስል ሰው ሲመጣ ለሚመለከተው ሰው ምልክት መስጠት ነው። ጠዋት ስትደርሱ የዋጋ ዝርዝሩን አንብቡ፤ ቢያንስ የእያንዳንዱን ሥዕል ርዕስ፣ ዓመትና የተሠራበትን ቀለም አጥኑ። ቀይ ነጥብ ያለበት ተሽጧል። የተያዘ ግን ያልተከፈለ ሥዕል ምልክቱ እንደየቤቱ ይለያያል፤ ጠይቁ። ቀይ ነጥብ በራሳችሁ አትለጥፉ፣ አታንሡም።

«የመጨረሻውን ንገሪኝ» ይመጣል። መርካቶ ያደገ ሁሉ ይህን ሳይል አይሄድም። መልሱ ፈገግታና «ኃላፊውን ልጥራልዎ» ነው። እናንተ «ትንሽ ይቀንሳሉ» ብትሉ ጋለሪውንም ሰዓሊውንም አስከፈላችሁ። ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ሰዓሊውና ጋለሪው እኩል ነው የሚካፈሉት፤ አንዲት ቃል የሁለት ሰው ዳቦ ትነካለች።

የውጭ አገር ሰው ሥዕል ገዝቶ ይዞ ሊሄድ ካሰበ አንድ ጠቃሚ ነገር ልትነግሩት ትችላላችሁ፦ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ የቅርስ ባለሥልጣን ወረቀት አየር ማረፊያ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ለጋለሪው ሰው አስታውሱት፤ ገዢው ቦሌ ላይ ከተጨናነቀ በኋላ የሚደወለው ለእሱ ነው።

ራሳችሁ ሰዓሊ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። የሰው ቡዝ ላይ ቆማችሁ ስልክ አውጥታችሁ «የእኔንም ሥራ ልታየው ትችላለህ» እንዳትሉ። የሰው ሠርግ ላይ የራስን ጠላ መሸጥ ነው። አይቻለሁ፤ ልጁ ጎበዝ ሰዓሊ ነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የጠራው የለም። ሥራችሁን ማሳየት ካማራችሁ ዐውደ ርዕዩ ካለቀ በኋላ፣ ስትጠየቁ።

ምን ማውራት ይቻላል ታዲያ? ጥያቄ። የጋለሪውን ሰው «ይህን ሥዕል ለምን መግቢያው ላይ ሰቀላችሁት?» ብላችሁ ጠይቁት። ሒሳብ ያዥዋን ደረሰኝ እንዴት እንደሚቆረጥ ጠይቋት። መጓጓዣውን የያዘውን ልጅ ሳጥኑ ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቁት። ማታ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ የሰማችሁትን በማስታወሻ ጻፉ፦ ማን ነው፣ ምን ይሠራል፣ ምን አለ። የእኔ የመጀመሪያ ማስታወሻ አሁንም አለኝ፤ ግማሹ ስለ ሚስማር ነው።

7. ማውረጃው

በመጨረሻው ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የቀረ ሰው ወዳጅ ነው። ሁሉም ደክሟል፤ ማንም የሚያስመስልበት ጉልበት የለውም። ሥዕል የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ በዚህ ሌሊት ነው፣ ሁሉም ለመሄድ ስለሚቸኩል።

አየር የቋጠረ ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ አታሳርፉ። ኳሶቹ ምልክት ይተዋሉ፤ አክሪሊክ የሚባለው ቀለም ደግሞ በሙቀት ይለሰልስና ይጣበቃል። መጀመሪያ ንጹሕ ለስላሳ ወረቀት፣ ከዚያ ፕላስቲኩ። ፕላስተር ፍሬም ላይ አትለጥፉ። ያንን የመጀመሪያ ቀን ፎቶ አውጡና ጥጎቹን እንደገና አስተያዩ። የተሸጠውንና የሚመለሰውን ለዩ፤ እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሰዓሊው ስምና የሥዕሉ ርዕስ በእርሳስ በተጻፈ ወረቀት ይለጠፍ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰማያዊ ሥዕል ተለዋውጦ አንዱ ገዢ ቤት፣ ሌላው ሰዓሊው ቤት ደረሰ። የማን ጥፋት እንደሆነ አልናገርም፤ ማሸጊያው ላይ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን።

8. ከዚያ በኋላ

በሦስት ቀን ውስጥ አመስግናችሁ ጻፉ፤ ለሁሉም ሳይሆን አብራችሁ ለሠራችኋቸው ሦስት ወይም አራት ሰዎች። የሆነውን አንድ ነገር ጥቀሱ፤ «የዚያ ትልቁ ሥዕል መሰላል» ብትሉት ያስታውሳችኋል። ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ከቻላችሁ ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ላኩ፦ ቀናቱ፣ የሠራችሁት ሥራ፣ ስንት ሥዕል እንደተሰቀለ። «በትጋት አገልግላለች» የሚል ደብዳቤ ምንም አይጠቅምም። «የ42 ሥዕሎችን ሰቀላና ማውረድ ረድታለች» የሚለው ይጠቅማል።

ሲቪው ላይም «በጎ ፈቃደኛ» ብላችሁ አትለፉት። የሠራችሁትን ጻፉ።

የነፃው ነገር መጨረሻ ይኑረው። የእኔ ስሌት ይህ ነው፦ አንድ አዘጋጅ ዘንድ የመጀመሪያው በነፃ፣ ሁለተኛው በትራንስፖርትና በምሳ፣ ሦስተኛው በክፍያ። ሦስት ጊዜ የጠራችሁ ሰው ትጠቅሙታላችሁ ማለት ነው። ስትጠይቁ ረጅም ንግግር አታድርጉ። «ባለፈው የሠራሁትን አይታችኋል። ዘንድሮም ደስ ይለኛል። የቀን ክፍያው ስንት ነው?» በሉና ዝም በሉ። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ማብራሪያ ሁሉ ዋጋችሁን ነው የሚቀንሰው።

እኔ ይህን ስል በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው አዘጋጅ ዝም አለች። የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። ልዘጋው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ቁጥር ጠራች። ቁጥሩ ትንሽ ነበር። «ሰቀላው ስንት ሰዓት ይጀምራል?» አልኳት።